እግር ማጠብም ልክ አለው



እግር ማጠብ ሲነሣ አብዛኞቻችን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ትዝ ይለናል። ስለ ትሕትናና ስለ አገልግሎት እንሰብክበታለን። በዛሬው ዓምዳችን ግን እግር ማጠብን በሳፋ፣ በሳሙናና በፎጣ የሚሠራ የቤት ውስጥ ሥራ አድርገን እንመልከተው። ሥራው በደንብ ሲሠራ ያሳርፋል፤ በግዴለሽነት ሲሠራ ደግሞ ይጎዳል።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ስለሚታየው የእግር እብጠት ነው የምናወራው። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ የሕክምና ባለሙያዎች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች ውስጥ ከ3 በላይ የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ታውቋል። ከሕመምተኞቹ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግራቸው ላይ ክፍት ቁስል ነበራቸው። ወደ ሕክምና የሄዱት በአማካይ እብጠቱ ከጀመራቸው ከአምስት ዓመት በኋላ ነበር። አምስት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት እግሩን የሚያየውና የሚያጥበው የቤት ሰው ብቻ ነው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ባደረጉት ጥናት ሕመሙን ከአፈር ጋር አያይዘውታል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ረቂቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳው በኩል ይገቡና የሰውነቱን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ያስቆጣሉ። መጀመሪያ እግር ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ማታ ማታ ያብጣል፤ ውሎ አድሮ እብጠቱ አይመለስም።

ታዲያ ለምን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አንዳንድ ሰዎች ለአፈሩ የበለጠ የሚያስቆጣ ተፈጥሮ ከወላጆቻቸው እንደሚወርሱ አሳይቷል። ይሁን እንጂ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው። እግሩ አፈሩን ካልነካ ሕመሙ አይመጣም። ስለዚህ «ከዝሆኔ ዘር ነች» ተብሎ የሚፈርስ እጮኝነት በተሳሳተ ዕውቀት የፈረሰ ነው። ለመጋባት የምታስቡ ወጣቶች ሆይ፣ ከእናቷ እግር ይልቅ ልጆቻችሁ ከመጀመሪያ እርምጃቸው ጀምሮ ጫማ ስለ ማድረጋቸው ተነጋገሩ።

የእንክብካቤው ልክ

እንግዲህ ሕመምተኛው አባት፣ እናት፣ ባል ወይም ሚስት ቢሆን በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አጣቢው እጁን አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ፤ ሲጨርስም ይድገም። ቁስል ካለ ጓንት ያድርግ። ይህ ቁስሉን ከተጨማሪ ጀርም ለመጠበቅ እንጂ ሕመሙ ስለሚጋባ አይደለም። የሕመምተኛውን ሳህንና ብርጭቆ መለየት ግን ምንም ጥቅም የለውም፤ ልብን ብቻ ይሰብራል።

ሁለተኛ፣ ውኃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። የሞቀ ውኃ እብጠቱን ያባብሳል፤ ስሜቱ የደነዘዘ እግር ሲቃጠልም ላይታወቅ ይችላል። በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ በቀስታ ይታጠብ። በድንጋይ መፈግፈግ፣ እባጩን በምላጭ መቁረጥና መብጣት አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፣ በረኪና በግምት አይጨመር። ጀርም የሚገድለው በጥቂቱ በውኃ የቀጠነው ነው፤ የበዛው ቆዳ ያቃጥላል። መጠኑን የጤና ጣቢያው ባለሙያ በቤታችሁ ባለው ጣሳና ክዳን ለክቶ ያሳያችሁ።

አራተኛ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያድርቁት፤ በተለይ የጣቶቹን መካከል። እርጥብ የቀረ ቦታ የፈንገስና የቁስል በር ነው። ከዚያ በኋላ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ።

አምስተኛ፣ ፋሻ ካለ አጠቃለሉን ከባለሙያ ይማሩ። ጣት የሚያደነዝዝ ወይም ሕመም የሚጨምር ፋሻ ወዲያው ይፈታ። ሲቀመጡና ሲተኙ እግሩ ከፍ ይበል። ንጹሕ ካልሲና እግሩን ሳይጨቁን የሚሸፍን ጫማ ይኑር።

ስድስተኛ፣ እግሩ በድንገት ቢቀላ፣ ቢግል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ቢል ማሸትና ማሠር ይቁም። ሕመምተኛው ይረፍ፣ ውኃ ይጠጣ፣ እግሩ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይደረግ። ትኩሳቱ በአንድ ቀን ካልተሻለ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ይህ ሁሉ ድካም ይጠቅማል ወይ? በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጓል። ግማሾቹ እግር አያያዝ ተምረው ሳሙናውን፣ ቅባቱን፣ ፋሻውንና ጫማውን ወዲያው አገኙ፤ ሌሎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ወዲያው በጀመሩት ላይ ትኩሳት ያለበት ሕመም የሚነሣበት ጊዜ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል። ትልቅ ቁጥር ላይመስል ይችላል። ነገር ግን በቀደመው የደብረ ኤልያስና የደምበጫ ጥናት አንድ ሕመምተኛ በዓመት 90 ቀን ያህል በዚህ ሕመም ተይዞ ይውል ነበር። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ከእነዚያ ቀናት ጥቂቶቹን ማትረፍ ለአንድ ቤተሰብ እህል ነው።

ሥራው የማን ነው?

በብዙ ቤት ይህ ሥራ ወይ በምራት ወይ በትንሿ ልጅ ላይ ይወድቃል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ምራቲቱም ሳትማር «አጥቢ» ትባላለች። ባሎች ሆይ፣ እናታችሁን ሚስታችሁ ብቻ እንድታጥብ አትተዉ። ሰኞ እርስዋ ካጠበች ማክሰኞ እናንተ እጠቡ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ቢማሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት አሠራር ይይዛሉ። የሚረዳ ሠራተኛ የቀጠራችሁም አሳይታችሁ አሠሩ፤ ጓንትና ሳሙና ግዙ፤ ለተጨማሪው ሥራ ተጨማሪ ደመወዝ ክፈሉ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ሕመምተኛውን ጠይቁት። «እማማ፣ አሁን ልጠብዎት ወይስ ይቆይ?» ማለት ምን ይከብዳል? በሩ ይዘጋ፤ እንግዳ እያየ አይታጠብ። ራሱን ማጠብ የሚችል ሰው ራሱ ይጠብ፤ እናንተ ውኃውን አቅርቡለት።

ለጉባኤዎችም ቃል አለን። የጥየቃ አገልጋዮች የሕመምተኛውን ስም ያለ ፈቃዱ በጸሎት ርእስ አትጥሩ፤ እግሩን ፎቶ አታንሡ። ጸልዩ፤ ነገር ግን «ተፈውሰሃል፣ መታጠቡን ተው» አትበሉ። የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናዊ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ናታን ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1998 በወላይታ ሶዶ ለእነዚህ ሕመምተኞች ሥራ ሲጀምሩ ጸሎቱንም ሳፋውንም ይዘው ነበር። በዚያ ሥራ የተሻላቸው ሕመምተኞች ለሌሎች አስተማሪዎች ሆነዋል። በጎጃምም እግሩ የተሻለው ወንድም ወይም እህት ከማንኛችንም የበለጠ አስተማሪ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚያው በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ጥናት ወቅት በባዶ እግራቸው ከነበሩት ሕመምተኞች ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሴቶች ነበሩ። ገበያ ወርዶ ለራሱ ጫማ የሚገዛ አባወራ ለባለቤቱም ለካ። የቤታችን እንክብካቤ ምን ያህል ልከኛ እንደሆነ ለማወቅ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ተያዩ፤ በቤቱ ጫማ የሌለው ማን ነው? ፎጣው የታጠበው መቼ ነው? አጣቢው የተማረው ከማን ነው?

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።