ሶፍትዌሩን ከመግዛታችን በፊት ተማሪውን እንጠይቅ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 የትምህርት ቤቶችን በር ሲያዘጋ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ኦንላይን ትምህርት አዞሩ። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ክርክር «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ «ለማን?» መባል አለበት ባይ ነኝ።

ሙድልን እንውሰድ። አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ እ.ኤ.አ. በ2002 1.0 ብሎ ያወጣው ይህ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ የለውም። «ነጻ ነው» ማለት ግን ሰርቨርና ባለሙያ አይፈልግም ማለት አይደለም። ደስ የሚለው፣ የሞባይል መተግበሪያው አስቀድሞ የወረደን ትምህርት ያለ ኔትወርክ ያስነብባል። ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው።

ለምን ቢባል፣ ባለፈው ሴሚስተር የዜና አጻጻፍ አሳይመንቴን ስልክ፣ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ሲስተሙ ተዘጋ። መምህሬ «ሲስተሙ ላይ የለም» አሉኝ። እሳቸው አልዋሹም፣ እኔም አልሰነፍኩም። 10 ማርክ ግን ሄደ።

ስለዚህ ሶፍትዌር ሲመረጥ ሦስት ነገር ይፈተሽ። በርካሽ ስልክ ይሠራል ወይ? ኔትወርክ ሲቋረጥ የጀመርነውን ያስቀምጥልናል ወይ? መምህሩ የአይቲ ክፍልን ደጅ ሳይጠና የማስረከቢያ ቀን ማራዘም ይችላል ወይ? ፍተሻውም በቢሮ ኮምፒውተር ሳይሆን በዶርም፣ በእኛው ስልክ ይሁን።

ጋዜጠኛ ባለጉዳዩን ሳያነጋግር ዜና አይሠራም ተብለን ተምረናል። ኮሌጅም ተጠቃሚውን ሳያነጋግር ሶፍትዌር አይምረጥ።