ፊሽካ ይዞ ለብቻው የቆመው ልጅ



ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከ15 ዓመት በታች ልጆች በእግር ኳስ ሲጋጠሙ ቆሜ አየሁ። ዋና ዳኛው ራሱ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ አንድ አባት መስመሩን አልፎ ገባና ጣቱን እያወዛወዘ ጮኸበት። ወጣቱ ዳኛ ፊሽካውን በጥርሱ እንደነከሰ፣ ዓይኑን ሳይሰብር ወደ ነጥቡ አመለከተ። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን እትም ለዳኞች የሰጠነው ስለዚያ እጅ ብለን ነው። በዚህ ሙያ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሱ አሉ፦ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2018 ሩሲያ ላይ ለዓለም ዋንጫ ተመድቧል፤ ሊዲያ ታፈሰ በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ፈረንሳይ በተካሄዱት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች። እዚያ ደረጃ የደረሰ ዳኛም ከፈተና አያርፍም። በፊፋ የአካል ብቃት ፈተና ወንዱ ዳኛ 75 ሜትር በ15 ሴኮንድ ይሮጣል፣ 25 ሜትር በእርምጃ ይሄዳል፤ ይህን 40 ጊዜ ይደጋግማል።

በእኔ እምነት ግን ጀማሪውን ከሙያው የሚያስወጣው ሩጫው ሳይሆን ስድቡ ነው። ልጆቻችሁን ለማየት ሜዳ የምትሄዱ ወላጆች፣ እባካችሁ ያን ወጣት ዳኛ አትስደቡት። ጨዋታው ሲያልቅም እጁን ጨብጡት።