ባለ አንደበቱ ዝምተኛ

ሮዋን አትኪንሰን ስትሉት «ማነው ደግሞ?» የሚላችሁ ሰው፣ ሚስተር ቢን ስትሉት ገና ሳትጨርሱ ይስቃል። አስተርጓሚ ስለማያስፈልገው አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እኩል ያዩታል። በዚሁ ሳቢያ ብዙዎቻችን ሰውየውን ዓይኑን እያጉረጠረጠ፣ ከንፈሩን እያጣመመ እንጀራውን የሚበላ ጅላጅል አድርገን ይዘነዋል። በእኔ እምነት ግን እንደ እሱ ለቃል የሚጨነቅ ኮሜዲያን ጥቂት ነው። ዝምታውም አስልቶ የገባበት ነው።

የተወለደው በ1955 በሰሜን እንግሊዝ፣ ኮንሴት በምትባል ከተማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ገበሬ ነበሩ። ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማረ፤ ለማስተርሱ ኦክስፎርድ ሲገባ ከደራሲው ሪቻርድ ከርቲስ ጋር ተገናኘና መሐንዲስነቱ እዚያው ቀረ። ሙሉ በሙሉ ቀረ ማለት ግን ይከብደኛል።

አትኪንሰን ይንተባተባል። በተለይ «ቢ» የምትለው ፊደል ታስቸግረዋለች። የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ሲለብስ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደሚለቀው ራሱ ተናግሯል። ከዚህ ችግር ጋር ሲታገል ፊደሏን አምቆ ይዞ ድንገት ማፈንዳት ለመደ፤ ያ አነጋገር ውሎ አድሮ መለያው ሆነ። የሚገርመው፣ ስም ያተረፉለት ሁለቱ ገጸ ባሕርያት፣ ብላክአደርና ቢን፣ በዚያችው ፊደል ይጀምራሉ።

ቢንን ብቻ የሚያውቅ ሰው «ብላክአደር»ን ፈልጎ ቢያይ እመክራለሁ። ከ1983 እስከ 1989 በቢቢሲ በአራት ምዕራፍ የቀረበ ሲሆን፣ አትኪንሰን እዚያ ምላሱ ምላጭ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ነው የሚካሄደው። ወታደሮቹ የማጥቃት ትእዛዝ እየጠበቁ ሲቀላለዱ ቀልዱ ቀስ በቀስ እያለቀባቸው ይሄዳል፤ በመጨረሻ ተነስተው ወደ ጥይቱ ይወጣሉ። ይህ የታየው በኅዳር 1989 ነው። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1990፣ ያው ሰው ሚስተር ቢን ሆኖ፣ አፉን ዘግቶ በአይቲቪ ብቅ አለ።

ይህ ደግሞ ድንገት የመጣ ሐሳብ አልነበረም። በ1987 ሞንትሪያል በተካሄደ የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ፣ በፈረንሳይኛ በሚቀርበው መድረክ ካልሆነ አልጫወትም አለ። እንግሊዝኛ ጨርሶ የማያስፈልገው ሥራ መሆኑን ሊፈትሽ ነው። መሐንዲስ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

የመጀመሪያውን ክፍል የፈተና ትዕይንት ልብ ብላችሁ እዩት። ቢን እስክሪብቶዎቹን ደርድሮ፣ አሻንጉሊቶቹን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ይዘጋጃል። ወረቀቱን ሲገልጥ ያጠናው ትሪጎኖሜትሪ የለም፤ ካልኩለስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የኩረጃ ትግል ነው፦ ያጮልቃል፣ ይንጠራራል፣ የጎረቤቱን ወረቀት ለማግኘት ያልሞከረው ነገር የለም። ሰዓቱ ሲያበቃ ፈታኙ በሚሰጠው ማስታወቂያ፣ የትሪጎኖሜትሪው ወረቀት መጀመሪያውኑ ከፖስታው ሳይወጣ መቅረቱን ይረዳል። እንዲህ ያለ ነገር በፊት ማጣመም ብቻ አይገነባም። እየቀዱት ያሉ ኮሜዲያን የሚወስዱት ፊቱን ብቻ ነው፤ ስሌቱን ትተውት ይሄዳሉ። ቢን ደግሞ የዋህ ጅል አይደለም። አትኪንሰን ራሱ በአዋቂ ሰውነት ውስጥ ያለ ሕፃን ብሎታል፤ እኔ ራስ ወዳድ ሕፃን እለዋለሁ። እስከ 1995 ድረስ በቴሌቪዥን የታየው 14 ክፍል ብቻ መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

የቃል ሰውነቱ ከመድረክ ውጭም ይታያል። የብሪታንያ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ «ስድብ» የሆነ ንግግርን ጭምር በወንጀል ያስጠይቅ ነበር። አትኪንሰን በ2012 ይህ ይሰረዝ ከሚሉት ጋር ቆሞ ተከራከረ፤ በ2013 ፓርላማው ቃሉን ከአንቀጹ አወጣው።

በ2021 ቢንን መጫወት አድካሚና አስጨናቂ እንደሆነበት ተናገረ። በዓመቱ ግን በኔትፍሊክስ ከአንዲት ንብ ጋር ዘጠኝ ክፍል ሙሉ ሲታገል አየነው። ቢን ያችን ንብ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳት ነበር። ለእኔ የሚናፍቀኝ የብላክአደር ምላስ ነው፤ እሱን ይዞ የሚመለስበት ድርሰት ቢያገኝ ንቧን እተውለታለሁ።