ቡና ሜዳው ሲርቀው

የዚህ እትም ዐቢይ ጉዳይ የኢትዮጵያ ቡና እግር ኳስ ክለብ ነባር ደጋፊዎች ተስፋ መቁረጥ ነው። የተለመደው ማብራሪያ ውጤት ነው፤ ቡድኑ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። እኔን ግን አያሳምነኝም። ዋንጫ በሌለባቸው ዓመታትም ሚስማር ተራና ከማን አንሼ የተባሉት የስታዲየሙ መቀመጫዎች በቡናማና ቢጫ ማሊያ ይደምቁ ነበር። ሽንፈትማ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ፣ አንዴ ጅማ፣ አንዴ ሐዋሳ፣ አንዴ ድሬዳዋ መካሄዱ ነው፤ የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቷል። ከሳሪስ በቀላል ባቡር ተሳፍሮ ስታዲየም ፌርማታ ይወርድ የነበረ ደጋፊ አሁን ክለቡን ለማየት አገር ማቋረጥ አለበት።

ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የስርጭቱ ገንዘብም ክለቦችን ጠቅሟል። ግን ሳሪስ አቦ አካባቢ ያለ ጨዋታ ማሳያ ቤት በዚያው ሰዓት አርሰናል ካለ ስክሪኑን ለማን እንደሚሰጥ መገመት አያቅትም። ቅዱስ ጊዮርጊስስ በዚሁ በተመረጡ ከተሞች በመጫወት አሠራር በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኖ የለም ወይ? ሆኗል፤ ጠንካራው ሙግትም ይኸው ነው። ይሁንና ያሸነፈ ቡድን ደጋፊ ደስታውን ከስክሪንም ያገኛል። የተሸነፈውን ለቀጣዩ ሳምንት የሚያቆየው አብሮት የሚዘምረው፣ አብሮት የሚናደደው ሰው ነበር፤ ያ ሰው አሁን አጠገቡ የለም። በውስጥ ገጾች አሰልጣኙን የሚወቅሱ ጽሑፎችም አሉ፣ ድርሻ የለውም አልልም። የክለቡ አመራር አስቀድሞ ሊመልስ የሚገባው ግን የሜዳውን ጥያቄ ነው።