የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በዚህ ወር በክርክር ክበባችን የተነሣው ጉዳይ አዳራሹን ሞልቶት ነበር። «ብሔራዊ መንግሥት ዘመኑ አልፎበታል፤ መጪው ጊዜ የየአካባቢው ሕዝብ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበት ነው» ያሉት ወገኖች ሞቅ ያለ ጭብጨባ አገኙ። የተቃወሟቸውም ያን ያህል ተጨበጨበላቸው። እኛ ግን ከአዳራሹ ስንወጣ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ መቅረቱ ከነከነን። ለመሆኑ ሥልጣን ወደ ታች ወረደ የሚባለው ምን ምን ሲወርድ ነው?

አስቀድመን ስለ መንግሥት ሞት የተነገረውን እንመርምር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አባሎቹ 51 ነበሩ፤ ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትገባ 193 ሞሉ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም ድንበር የዘጋውና ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ያዘዘው ሌላ ሳይሆን መንግሥት ነው። ሊሞት የተቃረበ እንዲህ አይበረታም። እርግጥ ነው፥ ገንዘብና ንግድ፥ በሽታና የአየር መለወጥ ድንበር አይገድባቸውም፤ የምንጩ ውኃና የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ደግሞ ከዋናው ከተማ ሆኖ ለሚያይ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ የምናየው የመንግሥትን ሞት ሳይሆን፥ ሥራውን ለማካፈል መገደዱን ነው። ክርክሩም በአካፋፈሉ ላይ መሆን ይገባዋል።

ብዙ ተናጋሪዎች ስዊስን ጠቅሰዋል፤ እኛም እንጥቀስ። ስዊስ 26 ካንቶኖችና ከ2000 የሚበልጡ ኮሙኖች አሏት። ኮሙን ማለት በታች ያለው አነስተኛ አስተዳደር ነው፤ ከነዋሪው ገቢ ግብር ይሰበስባል፥ የግብሩንም ልክ ራሱ ይወስናል። በግላሩስ ካንቶን ሕዝቡ በዓመት አንድ ጊዜ አደባባይ ወጥቶ እጅ በማንሣት ሕግ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የካንቶኑ መንግሥት 25ቱን ኮሙኖች ወደ 10 እናውርዳቸው ብሎ ቢያቀርብ፥ አንድ ተራ ዜጋ ተነሥቶ 3 ይበቃሉ አለ፤ ጉባኤውም የሹማምንቱን ትቶ የዜጋውን አሳብ አጸደቀ። ከ2011 ጀምሮ የግላሩስ ኮሙኖች 3 ናቸው።

«ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ቢኖር የህንድን የኬራላ ክፍል ይመልከት። ኬራላ እ.ኤ.አ. በ1996 ከልማት ዕቅድ በጀቷ ከመቶ 35 እስከ 40 የሚሆነውን ለመንደርና ለከተማ ምክር ቤቶች ለቀቀች፤ የመንደሩም ሰው ተሰብስቦ የቱ መንገድ፥ የቱ ጉድጓድ ይቅደም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ትርጉም ያገኘው ገንዘቡ ስላለ ነው።

ነገር ግን አደባባይ ሁሉ ፍትሕ ያለበት አይደለም። በዚያችው በስዊስ፥ በአፔንዘል ኢነርሮደን ካንቶን፥ ወንዶቹ እየተሰበሰቡ ሴቶች በካንቶኑ ጉዳይ ድምፅ እንዳይሰጡ ደጋግመው ወሰኑ። የሴቶቹን መብት ያስከበረው እ.ኤ.አ. በ1990 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ነው። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፥ ለዚያ ሕዝብ የቸገረው ከመንደር በላይ የሚያገለግል ሕግና ዳኛ ማጣት ነበር። ጎረቤት የበደለው ሰው አቤት የሚልበት ሌላ ደጅ ከሌለው፥ የአካባቢ ራስ ገዝነት ለሱ እስር ቤት ነው።

የራሳችን ታሪክስ ምን ያስተምራል? በ1958 ዓ.ም. ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር የሚሰጥ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ገቢ የሚያገኙበትን ሕግ ግን ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ፥ ትእዛዙም ከወረቀት እምብዛም አላለፈም። በ1967 ዓ.ም. የተቋቋሙት የገበሬና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት መሬት አከፋፈሉ፥ ሰው ዳኙ፤ ብዙ ሳይቆዩ ግን የበላይ ትእዛዝ ማስፈጸሚያ፥ ጎረቤትም ጎረቤቱን የሚሰልልባቸው ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ወረደ። አብዛኛውን ግን ደመወዝ በላው፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫም ተላለፈ። ሦስት ሥርዓት፥ አንድ ጉድለት! ስሙ ወረደ፥ ቁልፉ ከላይ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ራስን ማስተዳደር ግን ለሕዝባችን ባዕድ አይደለም። የሰፈራችን ዕድር ዳኛውን ይመርጣል፥ መዋጮውን ይተምናል፥ ድንኳኑንና ድስቱን ይጠብቃል፥ ቀሪውን ይቀጣል፤ ገንዘብ ያዡም ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ያነባል። ዕድር የጸናው በአዋጅ ሳይሆን፥ የከፈለው ሰው የመጠየቅ መብቱን ስለማይተው ነው።

እንግዲህ የኛ አቋም ይህ ነው። ስለ አካባቢ አስተዳደር የሚነገርን ተስፋ ሁሉ በሦስት ጥያቄ እንፈትነው። ገንዘቡን ማን ይሰበስባል፥ ማንስ ያዝበታል? ሒሳቡ በማን ፊት ይነበባል? የተበደለውስ ለማን አቤት ይላል? ሦስቱም መልስ ካላገኙ፥ የተለወጠው የማኅተሙ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ነገር ግን ይህን ለሌላው ከመስበካችን በፊት ወደ ራሳችን እንመልከት። ስለ ራስ አስተዳደር ለመከራከር አዳራሹ ጠባቸው። ያለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ፥ የዓመቱ ሒሳብ የሚነበብበት፥ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ተበተነ። የኛው መዋጮ፥ የኛው ሣጥን፥ የኛው ተመራጮች ነበሩ፤ ወንበሮቹ ግን ባዶ ነበሩ። ነገ በየወረዳው ተመድበን የሕዝብ ገንዘብ የምንይዘው እኛ ነን። ዛሬ የራሳችንን ሒሳብ ለመስማት ሁለት ሰዓት የተሳነን፥ ነገ የገበሬውን ጥያቄ በምን ትዕግሥት ልንሰማ ነው?

ጉባኤው በድጋሚ ይጠራል። መምህራኖቻችንም በታዛቢነት እንዲገኙልን እንለምናለን። ወንድሞችና እኅቶች፥ ለጭብጨባ የመጣችሁትን ያህል ለሒሳቡም ኑ።