«አየር በአየር» ለማን ይባላል?

ቃል እንደ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ከተዛባ ፍርዱም ይዛባል። በዘመናችን ከተዛቡት ቃላት አንዱ «አየር በአየር» የሚለው አነጋገር ነው።

በበረራ ሙያ የሐረጉ ትርጉም ግልጽ ነው። የአየር በአየር ውጊያ ማለት አውሮፕላን ከአውሮፕላን ጋር በሰማይ ላይ የሚያደርገው ግጥሚያ ነው፤ በ1969 ዓ.ም. በተፋፋመው የኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተፋለሙት በዚህ ዓይነት ነበር። ገበያ ደግሞ በዚሁ ሐረግ ምድር የማይነካውን ንግድ ሰየመበት፦ ዕቃው ከጎተራ ሳይወጣ፣ ገዢው ዓይቶ ሳይመዝነው፣ በቃል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበትንና በየእጁ ዋጋ የሚጨመርበትን ንግድ። ትርፍ አለ፤ ሥራ የለም። የስድቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ይህ የወቀሳ ቃል ግን በሁለት ወገን ተበላሽቷል። በአንድ በኩል «አየር በአየር ሠራ» ማለት የብልህነት ምስክርነት ሆኗል። በሌላ በኩል የሸንጎ ተናጋሪውም ሆነ የተውኔት ደራሲው ነጋዴ የተባለውን ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ስሕተት ጥፋተኛውን ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ንጹሑን ይኰንናል።

ይፋግ ለዚህ ምስክር ናት። በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ የነበረችው ይህች ከተማ የቆመችው በአየር ላይ አልነበረም። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ፣ በጭነት ከብት ዳገቱን ወጥቶ፣ በየኬላው ቀረጥ ተከፍሎበት ነው ገበያ የሚደርሰው። ያ ሲራራ ነጋዴ ትርፉን ያገኘው በእግሩና በላቡ ነው። እርሱን አየር በአየር ማለት ታሪክን መካድ ነው።

በፎገራ ሜዳም ነገሩ ያው ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሞከሩት ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆኗል። ሩዙን ከገበሬው ገዝቶ ወረታ የሚያደርስ፣ የሚያስፈለፍል፣ ጭኖ ራቅ ወዳለ ገበያ የሚወስድ ሰው ሥራ ሠርቷል። በስልክ ብቻ ሦስት ጊዜ የሸጠው ግን ለገበሬው አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር የተመጋቢውን ዋጋ አንሯል።

«ደላላም ገዢና ሻጭን ያገናኛል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አገናኝቶ በግልጽ አበል የሚቀበል የአገልግሎቱን ዋጋ ያገኛል። ነቀፋው የሚገባው እውነተኛውን ዋጋ ከሁለቱም ወገን ለሚሰውር ነው።

ልዩነቱን ማደብዘዝ የሚያስከትለውን ጉዳት አገሪቱ አይታዋለች። ነጋዴ ሁሉ እንደ በዝባዥ በተቈጠረበት በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዘመን፣ ገበሬው ኮታውን በተቈረጠለት ዝቅተኛ ዋጋ ያስረክብ ነበር፤ የግል እህል ነጋዴም በየኬላው ይታገድ ነበር። ይህ አሠራር እስከ 1982 ዓ.ም. ዘልቋል። በዚያ ሁሉ የከሰረው አራሹ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ቃሉን ሲያስተምር፣ ካድሬው ሲወቅስበት፣ ደራሲው ገጸ ባሕርይ ሲቀርጽበት አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህ ሰው በዕቃው ላይ ምን ሥራ ጨመረበት? ምንም ካልጨመረ ስሙ ይገባዋል። ከጨመረ ግን እግሩ ምድር ረግጧልና በሰማይ አይከሰስ።