ድፍርስ ውሃና ስስ ማጣሪያ፦ ቅድሚያ ለየትኛው?

በአረካና በአካባቢው የክረምት ዝናብ በጣለ ቁጥር ከማሳ እየታጠበ የሚወርደው ጎርፍ ቀይ ነው። ከዚህ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው አሸዋው ወዲያው ሲዘቅጥ ይመለከታል፤ ቅላቱን ግን በማግስቱም እንዳለ ያገኘዋል። በወላይታ ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚያልፈው ብላቴ ወንዝ ደለሉን የሚያራግፍበት ዐባያ ሐይቅም ቀላ ብሎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደቃቁ ሸክላ በቀላሉ አይረጋም።

ለዚህ ዓይነቱ ውሃ ፍቱን መድኃኒት ተደርጎ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው ሜምብሬን የሚባለው ስስ ማጣሪያ ነው። ብቃቱን አንጠራጠርም። የአልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን ቀዳዳዎች ስፋት ወደ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ክፍል የሚጠጋ በመሆኑ ባክቴሪያ አያልፍባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ፣ ክሎሪንን የሚቋቋመው ክሪፕቶስፖሪዲየም በግምት 400,000 ሰዎችን ካሳመመ በኋላ በርካታ ከተሞች ፊታቸውን ወደ ሜምብሬን ማዞራቸው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ እምነት፣ ወንዞቹ ድፍርስ ለሆኑበት አገር ቀዳሚው ጥያቄ «የትኛውን ሜምብሬን እንግዛ?» ሳይሆን «ውሃው ሜምብሬኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ምን እናድርገው?» የሚለው ነው። ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው አምቡላው ሳይረጋ በጨርቅ ማጥለል ምን ያህል እንደሚያታክት አይጠፋውም።

ነገሩን በፊዚክስ ዓይን እንመልከተው። በስቶክስ ሕግ መሠረት የአንድ ቅንጣት የመዝቀጥ ፍጥነት ከዲያሜትሩ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ዲያሜትሩ 1 ማይክሮሜትር የሆነ የሸክላ ቅንጣት ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመውረድ 13 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ቅንጣቶቹ ተጣብቀው እንዳይተልቁ ደግሞ ሁሉም አሉታዊ ሙል ስለተሸከሙ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አልሙኒየም ሰልፌት ሲጨመር ባለ ሦስት አዎንታዊ ሙሉ አልሙኒየም ይህን ግፊያ ያዳክመዋል። ሹልዘና ሃርዲ የደረሱበት ደንብ እንደሚያሳየው የማርጋት ኃይል በግምት ከሙሉ ስድስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ሦስት ሙል ያለው አንድ ሙል ካለው 729 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። በእውነተኛ ውሃ ውስጥ ጉዳዩ ከዚህ ይወሳሰባል፤ አልሙኒየሙ ወደ ሃይድሮክሳይድነት ተለውጦ ደቃቁን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ይወርዳል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። በሜምብሬኑ ገጽ ላይ የሚጋገረው ጭቃ ውሃ የማሳለፍ አቅሙም ከቅንጣቶቹ ዲያሜትር ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። እንግዲህ ቅንጣቱን አሥር እጥፍ ማተለቅ በመቶ እጥፍ ፍጥነት ያዘቅጠዋል፤ ሳይዘቅጥ የቀረውም የሚፈጥረው ተቃውሞ ወደ መቶኛ ይወርዳል። (ስብስቡ ውስጡ ውሃ ስለሚይዝና ግፊት ሲያርፍበት ስለሚጨመቅ በተግባር ትርፉ ከዚህ ያንሳል።) በሌላ በኩል አልሙኒየሙን ከልክ በላይ ማብዛት ሜምብሬኑን ራሱ ይደፍነዋል።

ማርጋት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባው ለገዳዲ ማጣሪያ ውሃውን ወደ አሸዋ ከመስደዱ በፊት በአልሙኒየም ሰልፌት ሲያረጋ ኖሯል። በደቡቡ አካባቢ ሀለኮ የሚባለው የሽፈራው ዛፍ ፍሬም አዎንታዊ ሙል ባለው ፕሮቲኑ ድፍርስ ውሃን ያጠራል። ለሽፈራው ያለን አክብሮት ትልቅ ቢሆንም፣ የተፈጨው ፍሬ ከፕሮቲኑ ጋር ሌላ ኦርጋኒክ ቁስ ስለሚለቅ ለእንስራ የተስማማው ለሜምብሬን መድፈኛና ለባክቴሪያ ቀለብ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲኑን ለይቶ ማውጣት ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመጥን የጥናት ርዕስ ይመስለናል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ቢሆኑ ሜምብሬን እስኪመጣላቸው መጠበቅ የለባቸውም። ስድስት ብርጭቆ፣ አንድ ዓይነት የወንዝ ውሃና መጠኑ የሚለያይ አልሙኒየም ሰልፌት ይበቃል፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ሃያ ደቂቃ በዝግታ ማማሰልና ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ። ከዚያም ከየብርጭቆው እኩል ውሃ በወረቀት ማጣሪያ እያሳለፉ የፈጀውን ጊዜ በሰዓት መለካትና መመዝገብ ነው። ለሐምሌ ውሃ የተገኘው ልክ ለጥር ስለማይሠራ ሙከራው በየወሩ ይደገም። እንዲህ ያለ የአንድ ዓመት መዝገብ በእጁ ያልገባ ከተማ ለሜምብሬን ግዥ ጨረታ ባያወጣ እንመርጣለን።